ሲንቄዋን ተከትላ

ስቶክሆልም ያለ ሐበሻ ሁሉ እንዴት እንደመጣ የሚያወራው ታሪክ አለው። አንዱ በሱዳን በኩል ነው የመጣው፣ አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያን ግብዣ። ከበደች ገመዳ ዱላ ተከትላ መጣች። ይህን ለማንም አትናገርም ነበር። ሲጠይቋት «በሥራ» ትላለች። ሐሰት አይደለም።

ዱላዋ ቀጭንና ቀጥ ያለች ናት፤ ከሰው ደረት አታልፍም። ሀሮሬሳ ከሚባል እንጨት የተቆረጠች ናት። አርሲዎች ሲንቄ ይሏታል። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች፤ ልጂቱ እስክትሞት አትለያትም። ወንድ አይነካትም። ባል ሚስቱን ቢበድል፣ ሁለት ጎሳ ጦር ቢማዘዝ፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። መሬት ላይ የተጋደመች ሲንቄ የሚሻገር የለም። ፈረሰኛ ይመለሳል። ጦር የመዘዘ ጦሩን ይጥላል። ሕጉን ጽፎ የለጠፈው የለም፤ ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

አንድ ቀን የማያውቀው ሰው መጣ።

ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። ከአሰላ በታች ያለው ሜዳ ስንዴ ሊዘራበት ነው ተብሎ ባለርስቱ ትራክተሮች አስመጣ። ጭሰኞቹ ልቀቁ ተባሉ። ትራክተሮቹ በሚመጡበት ጠዋት የመንደሩ ሴቶች መንገዱን ዘግተው ቆሙ። ከፊት የቆመችው ቡልቱ ነበረች፣ የከበደች እናት። ከበደች ከኋላዋ ነበረች፤ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቡልቱ ሲንቄዋን መንገዱ ላይ አጋደመቻት።

የፊተኛው ትራክተር ሾፌር የአርሲ ልጅ ነበር። ሞተሩን አጠፋ። እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ከኋላው ያለውም አጠፋ። ከዚያ ኋላ ያለውም። ከበደች ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስታለች፤ ያንን ጸጥታ ግን አልረሳችም። ነፋሱ ቆመ ትላለች። ወፎቹም ዝም አሉ። ሜዳው ሁሉ አንድ ነገር ሊናገር ትንፋሹን የሳበ ይመስል ነበር።

ከኋላ ላንድሮቨር መጥቶ ቆመ። አንድ ረጅም ፈረንጅ ወረዱ። አቶ ሌናርት ናቸው፤ ማሽን ሊያስተምሩ ከስዊድን የመጡ የእርሻ ባለሙያ። ሴቶቹን አዩ። ዱላዋን አዩ። አዲስ አበባ ላይ ስለ አገሩ ወግ ሲነገራቸው አንድ ነገር በደንብ ይዘው ነበር፤ እዚህ አገር ስጦታ በአንድ እጅ አይቀበሉም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ሲንቄዋን በሁለት እጃቸው አነሱ። ለሴቶቹ እጅ ነሱ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ሴቶቹ አልጮኹም። ወንድ ሲንቄ ቢያነሳ ምን እንደሚደረግ ያስተማራቸው የለም፤ ደርሶ አያውቅማ። አሁን መንገዱ ላይ የተጋደመ ነገር አልነበረም። ባለርስቱ ሾፌሮቹ ላይ ጮኸባቸው። ሞተሮቹ ተነሱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የቡልቱ ቤት የነበረበት ቦታ የተገለበጠ ጥቁር አፈር ሆነ።

ቡልቱ አላለቀሰችም። ቤተሰቡ አሰላ ከተማ ዳር አንድ ክፍል ተከራይቶ ገባ። ፈረንጁ ቤት ሠራተኛ እንደሚፈለግ ወሬ ሲሰማ ልጇን ጠራቻት።

«ሂጂ ግቢ» አለቻት። «እሷ ያለችበት ቤት ሁኚ።»

«ሰርቄ ላምጣት?»

«የተሰረቀች ሲንቄ እንጨት ናት። ያነሳት ሰውዬ መሬት ላይ ይተዋት። እሱ ሲተዋት አንሺያት።»

«ካልተዋትስ?»

«ጠብቂያ።»

ከበደች ጠበቀች። አብዮቱ ፈንድቶ እነ ሌናርት ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ልጆቻቸው የለመዷት ሞግዚት አብራቸው እንድትሄድ ተጠየቀች። ቡልቱ ሂጂ አለች። ሲንቄዋ በምንጣፍ ተጠቅልላ ከዕቃ ጋር፣ ከበደች በመስኮት በኩል ተቀምጣ፣ በአንድ አውሮፕላን መጡ። ከደመናው በላይ ሲወጡ ከበደች ወለሉን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው። ከሥር ያለችው የሰማቻት መሰላት።

አቶ ሌናርት ብሮማ በሚባል የስቶክሆልም ሰፈር ቢጫ የእንጨት ቤት ነበራቸው። ሲንቄዋን ከሳሎኑ በር በላይ ምስማር መትተው አጋደሟት። ዓመታት አለፉ። ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሄዱ። ከበደች ቬሊንግቢ ቤት አገኘች፤ አገባች፣ ሶፊን ወለደች፣ ፈታች። ሁዲንጌ ሆስፒታል ወጥ ቤት ተቀጠረች። ከቬሊንግቢ ሁዲንጌ ማለት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ መጀመሪያ በቱነልባና፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ከዚያ በፔንደልቶግ፣ በዳር ከተማው ባቡር። በክረምት በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትመለሳለች። የቤተ ክርስቲያን እህቶች «ምን አለ እዚያው ሁዲንጌ ብትዛወሪ?» ይሏታል። «ቬሊንግቢን ለመድኩት» ትላለች። ቬሊንግቢ የለመደችው ነገር አልነበረውም። ለብሮማ ቅርብ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አቶ ሌናርት ቤት ትሄዳለች። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አበባ ታጠጣለች፣ ሾርባ ትሠራለች። እሳቸው ጋዜጣቸውን እንደያዙ ሲያሸልቡ ወንበር ላይ ትወጣና ሲንቄዋን ቅቤ ትቀባታለች። የስዊድን ቅቤ ጨው አለበት። «ይቅር በይኝ፣ ጨው አለበት» ትላታለች በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ። በዚያን ሰዓት መስኮቱ በበረዶ ብርሃን ይሞላል፤ ቤቱ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል፤ ሲንቄዋ ደግሞ ከላይ እንደምትንሳፈፍ ቀጭን ጀልባ ናት።

አቶ ሌናርት እንግዳ ሲመጣ በጣታቸው ያሳያሉ። «ከኢትዮጵያ ያመጣሁት ሁሉ ተሰነጠቀ። በርጩማው ተሰነጠቀ፣ ገበታው ተሰነጠቀ። እሷን ተመልከቱ! የስዊድን አየር ተስማማት።»

ቀጥለው ታሪኩን ያወራሉ። እንግዳው ሐበሻ ከሆነ በአማርኛ ነው፤ አማርኛቸው ዛሬም ይሄዳል። «ሴቶች ናቸው፣ ሴቶች ብቻ! መንገዱን ሞልተው ቆመዋል። ከዚያ አንዲት እናት ይህን ዱላ ጣሉልኝ። እግሬ ሥር። በዕድሜዬ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም።»

ከበደች አንድ ጊዜ ነግራቸዋለች። ዕቃ እያጠበች ነበር።

«ስጦታ አልነበረም፣ አቶ ሌናርት።»

ሳቁ። «ከበደች፣ እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ።»

እሷም ነበረች። ከዚያ መንደር መሆኗን ግን ጠይቀዋት አያውቁም። ሳህኑን አድርቃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

በፈረንጅ 1996፣ በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ስልክ ተደወለላት።

የመጀመሪያው ከአሰላ ነበር። ወንድሟ ባሕሩ ነው። እናታቸው አርፋለች፤ ተቀብራለች። መስመሩ ላይ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ይመጣል፣ ይጠፋል።

«ሴቶቹ መቃብሯን አንጨርስም ብለዋል» አለ ባሕሩ።

«ለምን?»

«ሲንቄዋ የለቻማ። ከባለቤቷ ጋር ነው የምትጋደመው፤ ታውቂ የለ። ሲንቄ የሌላት ሴት ገና መንገድ ላይ ናት አሉ። እማዬ ገና አልገባችም።»

ሁለተኛው ስልክ ከብሮማ ነበር። አቶ ሌናርት ቤቱን ሸጠዋል፤ ወደ ሽማግሌዎች መኖሪያ ሊገቡ ነው። የኢትዮጵያ ዕቃቸውን በሙሉ ለሙዚየም ሰጥተዋል።

«ቅዳሜ ሊወስዱ ይመጣሉ። ኬክ አዝዣለሁ። አንቺና ሶፊ ነጭ ልብሳችሁን ልበሱ። ታሪኩን ለመጨረሻ ጊዜ አወራዋለሁ።»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከበደች ጋሼ ዘገየን ጥግ ይዛ አወራቻቸው። ጋሼ ዘገየ ተማሪ ሆነው መጥተው የቀሩ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ በሳምንቱ ቀን ደግሞ ለሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት እየዞሩ አማርኛ ያስተምራሉ። ሁሉንም ነገረቻቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት ለሰው ስትነግር የመጀመሪያዋ ነው። ሶፊ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ እሷም ያን ዕለት ሰማች።

«ሙዚየም ከገባች በኋላ ብጠይቅስ?» አለች ከበደች።

«ከገባችማ የመንግሥት ናት፣ እህቴ። እኔና አንቺ ሞተን፣ ሶፊ ጡረታ ወጥታ፣ ኮሚቴው ገና ይሰበሰባል።» ጋሼ ዘገየ መነጽራቸውን ወለወሉ። «ግን እንደ ሽማግሌነቴ ልጠይቅሽ። ይሄ ነገር… ባዕድ አምልኮ አይሆንም?»

«ዱላ ናት ጋሼ። ሙሴም ዱላ ነበረው።»

ጋሼ ዘገየ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«እሱስ ነበረው» አሉ። «ቅዳሜ በመኪናዬ እወስዳችኋለሁ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ሶፊ ወደ እናቷ ጠጋ አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ያን ቀንም በስዊድንኛ ነበር።

«እማ፣ ቁልፉ እኮ አለን። አበባ ልናጠጣ እንገባለን፣ ይዘናት እንወጣለን። አለቀ።»

«የተሰረቀች ሲንቄ እንጨት ናት።»

«እሱ አይደል የሰረቃት!»

«እሱ አልሰረቀም» አለች ከበደች። «ቢሰርቅ ይሻል ነበር። ሌባ የሠራውን ያውቃል።»

ማክሰኞ የአማርኛ ትምህርት አለ። ቬሊንግቢ ትምህርት ቤት ምድር ቤት፣ ራዲያተሩ በሚንጫጫበት ክፍል፣ ጋሼ ዘገየ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ፈረደልኝ። ፈረደብኝ።

«ሶፊ፣ ልዩነቱ?»

«አንድ ፊደል» አለች ሶፊ በስዊድንኛ።

«አንድ ፊደል! አንዱ ቤትሽ ያስገባሻል፣ አንዱ እስር ቤት። በሩን ዘጋልኝ ካልሽ ብርድ እንዳይገባ ያዘነልሽ ሰው አለ። በሩን ዘጋብኝ ካልሽ ውጭ ነሽ፤ በረዶ ላይ ነሽ። የአማርኛን ፊደል አትናቁ፣ ልጆች።»

ሶፊ ሰሌዳውን ስታይ ቆየች። የሆነ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ነካ አደረጋት፤ ምን እንደሆነ አልያዘችውም።

ሐሙስ አቶ ሌናርት ለዓይናቸው ሕክምና ይሄዳሉ። ሶፊ ከጓደኛዋ የበረዶ መንሸራተቻ ቦርሳ ተዋሰች፤ ረጅም ነው፣ ሰማያዊ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ብሮማ ወረደች። ሰዓቱ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀኑ ግን አልቋል። በረዶው ይወርዳል፣ ድምፅ የለውም። ቤቶቹ ሰማያዊ ሆነዋል፣ አየሩ ሰማያዊ፣ የራሷ እጅም። ጫማዋ ብቻ ይንኮሻኮሻል፤ ከኋላ የሚከተላት ሌላ ሰው ያለ ይመስላታል፤ ስትቆም እሱም ይቆማል።

ቁልፉ በሩን ከፈተው። መብራት አላበራችም። ወንበር ስባ ወጣች። ሲንቄዋን ከምስማሮቹ ላይ አነሳቻት። እንደጠበቀቻት ከባድ አልነበረችም። ቅቤ ቅቤ ትሸታለች።

«ከበደች?»

ሶፊ ወንበሩ ላይ ደረቀች። መስኮቱ ሥር፣ ጨለማው ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ለብሰው አቶ ሌናርት ተቀምጠዋል። በበረዶው ምክንያት አልሄዱም። ዓይናቸው ከሩቅ አያይም፤ ያዩት ወንበር ላይ የቆመች፣ ዱላ የያዘች ሴት ጥላ ነው። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ናቸው።

«አቤት» አለች ሶፊ በቀጭኑ። በአማርኛ ነበር።

«አሁን ሕልም ሳይ ነበር። ያንን መንገድ። ሁልጊዜ ነው የማየው።» ድምፃቸው ቀስ ብሎ እየወረደ ሄደ። «ጸጥታው… ሞተሮቹ ሁሉ ጠፉ። ለምን እንደጠፉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ አጥፉ አላልኩም። እኔ ከመድረሴ በፊት ጠፍተዋል።»

ሶፊ ዱላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጣሉልኝ።»

«ልኝ?»

«ልኝ» አሉ ሽማግሌው። ራሳቸው ወደ ትከሻቸው ዘንበል አለ። ተኙ።

ማክሰኞ ጆሮዋን የነካት ነገር ይህ ነበር። ሶፊ በጣቶቿ ጫፍ ወጣች። ቱነልባና ውስጥ ቦርሳውን በጉልበቶቿ መሐል አቁማ ተቀመጠች። ተቆጣጣሪው ሲገባ ቦርሳውን አጥብቃ ያዘች። ትኬቷን አይቶ አለፈ። ፊት ለፊቷ የተቀመጡ አሮጊት ቦርሳውን አይተው ፈገግ አሉ።

«ለመንሸራተት ነው? ወዴት?»

«ወደ አርሲ» አለች ሶፊ።

«ሰሜን ነው?»

«ሩቅ ነው።»

ከበደች ከሥራ ስትመለስ ሲንቄዋ ኮሪደሩ ላይ፣ ከጃኬቶቹ አጠገብ ቆማ አገኘቻት። ኮቷን ሳታወልቅ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ምን አደረግሽ?»

«አመጣኋት።»

«ወይ ልጄ! ያላገባሽ ልጅ፣ ሲንቄ ይዘሽ፣ በቱነልባና!» ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሶፊ መለየት አልቻለችም። «እንጨት አደረግሻት። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄ እንጨት አደረግሻት።»

ሶፊ ጎኗ ተቀመጠች። ሐሙስን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፤ ሕልሙን፣ ጸጥታውን፣ አጥፉ አላልኩም ያሉትን። ከዚያ በስዊድንኛ እያወራች ሁለት የአማርኛ ቃል መሐሉ ላይ አስቀመጠች።

«ፊደሉ ነው የተሳሳተው፣ እማ። ጣሉልኝ ይላል። ጣሉብኝ ነው።»

ከበደች ልጇን አየቻት።

«አጥፉ አላልኩም አሉ?»

«አዎ።»

«ይገርማቸዋል ማለት ነው። እስከ ዛሬ።» ተነሳች። ኮቷን አወለቀች። ሲንቄዋን ግን አልነካቻትም። «እንግዲህ እንደገና ማጋደም ነው። እዚያው እሳቸው ፊት። መልሰው ካነሷት አለቀ፤ ሙዚየም ትግባ። ሁለት ጊዜ ወንድ ያነሳትን ሲንቄ እናቴም አትቀበላትም።»

«በቃ ንገሪያቸዋ! ለምንድን ነው እንዲህ…»

«በአፌ ነግሬያቸው ሳቁ። ሲንቄ በአፍ አይደለም የምትናገረው።»

ቅዳሜ ጋሼ ዘገየ በአሮጌ ቮልቯቸው መጡ። የመኪናው መጥረጊያ በረዶውን ወዲያ ወዲህ ይገፋል። ከበደች ነጭ ልብሷን ለብሳለች፣ ከላይ የክረምት ኮት። ቦርሳው ከጣሪያ እስከ ወለል በሰያፍ ተጋድሟል።

ቢጫው ቤት ውስጥ ግርግር ነበር። ከሙዚየም የመጣች ሴት ነጭ ጓንት አድርጋ ቆማለች። ጎረቤቶች ኬክ ይዘዋል። አቶ ሌናርት ከበሩ በላይ የቀሩትን ሁለት ምስማሮች እያዩ ይንቆራጠጣሉ፤ ሐሙስ ያዩትን ሕልም ነው ብለው ትተውታል። አንዱ ጎረቤት ፖሊስ እንጥራ ይላል።

ውጭ ከበደች በአጥሩ በር ገባች። ቦርሳውን ከፈተች። ዋናው በር ፊት፣ ደረጃው ሥር፣ ነጩ በረዶ ላይ፣ ሲንቄዋን ከዳር እስከ ዳር አጋደመቻት። ወደኋላ ተራመደች። ኮቷን አውልቃ ለሶፊ ሰጠቻት። በነጭ ልብሷ፣ በበረዶው መሐል ስትቆም ከሩቅ የሚታየው ፊቷ ብቻ ነበር። በመንደሩ መንገድ ላይ የነበረው ጸጥታ በዓመታቱ ላይ ተሻግሮ የመጣ ይመስል፣ ግቢው ጭጭ አለ።

አንድ ሰው በመስኮት አያት። በሩ ተከፈተ። አቶ ሌናርት በሹራብ ብቻ ወጡ፤ ራሳቸው ላይ የሱፍ ቆብ አለ። እንግዶቹ ከኋላቸው ተጠጋጉ።

«ከበደች! አገኘሻት!»

ደረጃውን ወረዱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቆባቸውን አወለቁ። እንደዚያን ቀን። ጎንበስ አሉ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ከበደች ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። የሲንቄዋ ነገር እስኪገባቸው አትናገርም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ጣታቸው ከእንጨቷ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

«አቶ ሌናርት» አለች ሶፊ። በአማርኛ ነበር፣ ድምጿ ተሰንጥቆ። «ሞተሮቹን ማነው ያጠፋው?»

እጃቸው እዚያው ቀረ። ያረጀ ወገባቸው አልቀናም።

«ሾፌሮቹ» አሉ ወደ በረዶው እያዩ።

«እርስዎ አጥፉ አላሉም።»

«አላልኩም።»

«ታዲያ ማን አላቸው?»

በረዶው ሲንቄዋ ላይ መውረድ ጀመረ፤ ቅቤ የጠጣው እንጨት ላይ ግን አይቀመጥም፣ ይንሸራተታል። አቶ ሌናርት ዱላዋን አዩ። ቀና ብለው ከበደችን አዩ። የቆመችበትን ርቀት አዩ። ያቺ ሴት የቆመችው እዚያ ነበር፤ ዕድሜዋ ይኸው ነበር፤ እጇንም እንዲህ ነበር ያጣመረችው።

«ቡልቱ ትባላለች» አለች ከበደች። «እናቴ ናት። በዚህ ወር ሞታለች።»

አቶ ሌናርት ቀስ ብለው ቀና አሉ። እጃቸው ባዶ ነበር።

ባለ ጓንቷ ሴት ከኋላቸው ወረደች። «ልውሰዳት?» አለች፣ እግሯን ለመሻገር አንስታ። ሽማግሌው ክንዳቸውን ዘርግተው አገዷት።

«እዚህ አይታለፍም» አሏት በስዊድንኛ።

ከዚያ ወደ ማንም ሳይሆን፣ በአማርኛ፣ እንደ ተማሪ አንድ አንድ ፊደል እየለዩ፣

«ጣሉብኝ» አሉ። «ጣሉልኝ አይደለም። ጣሉብኝ።»

አጥሩ ጋ የቆሙት ጋሼ ዘገየ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዋስው ሲታረም ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋሉ።

አቶ ሌናርት ወደ ቤት ተመለሱ። እንግዶቹን በኩሽናው በር አስወጧቸው። ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ የኬክ ሳህናቸውን እንደያዙ፣ እስከ ጉልበታቸው በረዶ እየረገጡ በቤቱ ጎን ዞረው ወጡ። ለምን እንደሆነ የጠየቀ ጎረቤት ነበር፤ «መንገዱ ተዘግቷል» አሉት ሽማግሌው። የሙዚየሟ ሴት በርጩማውንና ገበታውን በዚያው በኩል አወጣች። ጋሼ ዘገየ ኬክ አምሯቸው ነበር፤ ዋናው በር ሦስት እርምጃ ላይ ነው። ዞረው በኩሽና ገቡ።

ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ አቶ ሌናርት ራሳቸው ዞረው መጡ። ከአጥሩ አጠገብ፣ በመንገዱ በኩል ቆሙ። ቆባቸው በእጃቸው ነው። ከበደች ጎንበስ ብላ ሲንቄዋን አነሳቻት። እርጥብ ነበረች። በነጠላዋ ጫፍ አደረቀቻት።

በገና ሰሞን አገር ቤት ገባች። ሴቶቹ መንደሩ አፋፍ ላይ ወጥተው ተቀበሏት። መቃብሩ ዳር ሲንቄዋን ተቀብለው ቅቤ ቀቡ፣ ጨው የሌለው፤ ካሮጊቶቹ አንዷ አሸተተቻትና «ይቺ የት ነው የኖረችው?» አለች። ከዚያ ከባለቤቷ ጋር አጋደሟት። ባሕሩ ለሶፊ ስልክ ደወለ።

«ገባች» አለ።

«ገባች?» አለች ሶፊ በአማርኛ። «ደስ ይላል። የኔስ ሲንቄ?»

ከኋላ የከበደች ድምፅ ተሰማ። «አግቢያ መጀመሪያ!»

በጸደይ ከበደች ከቬሊንግቢ ለቀቀች። ጓደኞቿ ምክንያቱን ጠየቋት። ሁዲንጌ ቤት አግኝታለች። ለሥራዋ ቅርብ ነው።